ሥዕል ውስጥ ያያችሁት፣ ሌላው ሰው ግን አልፎት የሚሄደው ትንሽ ነገር ምንድን ነው?

ጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደሴ ውስጥ ሥዕል አስተምራለሁ። በመጪው የዕረፍት ወቅት ተማሪዎቼን አዲስ አበባ ወስጄ ብሔራዊ ሙዚየሙን፣ እንዲሁም ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ላሳያቸው አስቤአለሁ። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ሮጦ፣ በር ላይ ፎቶግራፍ ተነሥቶ መመለስ ግን ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ፣ በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጎብኚዎች ላይ የተደረገ ጥናት አንድ ሰው በአንድ ሥዕል ፊት የሚቆየው በአማካይ 27 ሰከንድ መሆኑን አሳይቷል። ሠዓሊው ወራት የደከመበትን በ27 ሰከንድ!

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንዲት የሚፈልጋት ትንሽ ነገር ልሰጠው ነው። እርሷን ፍለጋ ሥዕሉ ፊት የቆመ ልጅ ያልተነገረውንም ያያል ብዬ አምናለሁ።

ምሳሌ ላቅርብ። የዓድዋን ጦርነት ሥዕል በሆቴል ግድግዳ ላይም ሆነ በቀን መቁጠሪያ ያላየ የለም። የሰዎቹን ዓይን ግን ልብ ብላችሁታል? በግራ የተሰለፉት ኢትዮጵያውያን ፊታቸውን ወደ እኛ ስለሚመልሱ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ይታያሉ። በቀኝ ያሉት ኢጣሊያውያን በጎን ስለተሣሉ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ሥርዓቱ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተወረሰ ነው፤ ሰይጣንም፣ በመጨረሻው እራት ላይ ይሁዳም እንዲሁ በጎን ይሣላሉ። ከላይ በነጭ ፈረስ ላይ የሚታየው ቅዱስ ጊዮርጊስም እንዲያው ለማሳመር የገባ አይደለም። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ወር በገባ በ23 ደግሞ የጊዮርጊስ ዕለት ነው። ወደ ታች ስትወርዱ እቴጌ ጣይቱን በፈረስ ላይ ታገኛላችሁ፤ በብዙዎቹ ሥዕሎች ላይ ሽጉጥ ይዘዋል። ያንን ሽጉጥ በገዛ ዓይኑ ፈልጎ ያገኘ ተማሪ ስለ እቴጌይቱ የሚያነሣው ጥያቄ ሌላ ነው።

እናንተስ ምን አይታችኋል? ከየትኛውም ሙዚየም፣ ከየትኛውም አገር ይሁን። ሰብስቤ ለልጆቹ እሰጣቸዋለሁ።


ድርና ማግ (ኮምቦልቻ)፦

መምህር፣ የምሠራው በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ላይ ስለሆነ ሥዕል ፊት ስቆም ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጨርቁ ነው። ሁለት ጨርቅ አለ። አንዱ የተሣለው ነው፤ የጋቢው እጥፋት፣ የቀሚሱ ጥለት፣ የመኳንንቱ ለምድ። ሁለተኛው ሥዕሉ ራሱ ያረፈበት ነው፤ ይህን ማንም አያየውም።

ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕሎቻችን በግድግዳው ላይ በቀጥታ የተሣሉ ይመስላቸዋል ሰዎች። በተለይ ከጎንደር ዘመን ወዲህ የተሠሩት ግን በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ከዚያ በኋላ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። አጠገቡ ቆማችሁ ከጎን ብታዩ ሁለት ጨርቅ የተገናኘበት ስፌት፣ ጠርዙ የተነሣበት ቦታ ይታያል። የዓድዋ ሥዕሎችም በጥጥ ጨርቅ ላይ የተሣሉ ብዙ ናቸው። ቀለሙ በሳሳበት ቦታ ድርና ማጉ ብቅ ይላል፤ ክሩ በእጅ የተፈተለ ከሆነ አንዱ ቦታ ወፍሮ ሌላው ቦታ ቀጥኖ ታገኙታላችሁ፤ የፋብሪካ ክር ከሆነ እኩል ነው። ሠዓሊው ጨርቁን ከየት እንዳገኘ የሚናገር ሌላ ጽሑፍ ላይኖር ይችላል፤ ክሩ ግን ይናገራል። ለልጆቹ ይህን ስጧቸው። ሥዕል የተሣለበት ነገር እንዳለው ያላወቀ ሰው ሥዕሉን ግማሹን ነው ያየው።


የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦

ሐሳብዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን ትንንሽ ነገር ለማየት የግድ አዲስ አበባ መሄድ አለባቸው? የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2022 የሬምብራንትን «የሌሊት ጥበቃ» በ717 ቢሊዮን ነጥብ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት አንድ ሚሊ ሜትር ለሁለት መቶ ተከፍሎ የአንዱ ያህል ነው። ሥዕሉ ቁመቱ ወደ አራት ሜትር ይጠጋል፤ ሙዚየሙ ውስጥ ቆሞ ላይኛውን ክፍል ማንም አጥርቶ ሊያየው አይችልም። እዚህ ኮምቦልቻ ስልኬ ላይ ግን በቀለሙ ላይ የተሰነጠቀውን መስመር አያለሁ።

በዚሁ መንገድ የቨርሜርን «ወተት ቀጂዋ» አየሁት። ሴትዮዋ ከማሰሮ ወተት ታፈሳለች። ሁሉም ሰው ወተቱንና ዳቦውን ያያል። እኔን የያዘኝ ከበስተኋላዋ ያለው ባዶ ግድግዳ ነው። ምስማር አለ፤ ምስማር ተነቅሎበት የቀረ ቀዳዳም አለ፤ ምስማሩ ትንሽ ጥላ ጥሏል። በ2022 ሙዚየሙ ባወጣው ምርመራ ቨርሜር ከሴትዮዋ ራስ ኋላ ማሰሮ የሚንጠለጠልበት መደርደሪያ መሣል ጀምሮ እንደነበር፣ ኋላ ግን በቀለም እንደሸፈነው ታውቋል። ትልቁን ዕቃ አጠፋ፣ ምስማሩን ግን ተወው። ይህን ሳስብ ግድግዳውን የምር ያየ ሰው መሆኑ ይሰማኛል። ቤታችን ግድግዳ ላይ ያለውን ቀዳዳ እኛ አናየውም።


ሰኞ ገበያ (ደሴ)፦

የቦርከና ልጅ፣ የጻፍከው ግሩም ነው፤ በመደምደሚያህ ግን አልስማማም። ስልኩ የሚያሳይህ ሌላ ሰው ያነሣውን ነው፤ መብራቱም ማዕዘኑም ተወስኖልሃል። የድሮ ሥዕለ አድኅኖ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘወር እያልክ ነው የምታየው። ከፊት ለፊት ያልታየ ጭረት ከጎን ይወጣል። ጎንበስ ስትል የእንጨቱ መክፈቻና መዝጊያ የታሰረበት ገመድ ይታይሃል፤ በሁለት ወይም በሦስት ገጽ የሚከፈት፣ ሰው ይዞት የሚጓዝ ነገር እንደነበር የምትረዳው ያኔ ነው። ፎቶግራፉ ሁልጊዜ ተከፍቶ ፊት ለፊት ነው።

መጠኑም አለ። ለንደን ያለው የያን ፋን አይክ የአርኖልፊኒ ባልና ሚስት ሥዕል ቁመቱ 82 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ከኋላቸው ክብ መስታወት ተሰቅሏል፤ በመስታወቱ ውስጥ የጥንዶቹ ጀርባ፣ በበሩ የቆሙ ሌሎች ሁለት ሰዎችም ይታያሉ። በመስታወቱ ክፈፍ ዙሪያ ደግሞ የክርስቶስ ሕማማት በ10 ትንንሽ ክቦች ተሥሏል። ከመስታወቱ በላይ ሠዓሊው «ዮሐንስ ፋን አይክ እዚህ ነበር፣ 1434» ብሎ ጽፏል። ስልክ ላይ አስፍተህ ስታየው እያንዳንዷ ክብ ትልቅ ሥዕል ትመስልሃለች። እውነተኛ መጠኗን በወረቀት ላይ ለክተህ ብትሥላት ግን ሰውዬው ምን እንዳደረገ ትደነግጣለህ። ልጆቹ ይህን ድንጋጤ ያግኙት። መሄዱ ይገባል።


የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦

መጠኑን በተመለከተ ያልከውን ተቀብያለሁ። እኔም አይሂዱ አላልኩም፤ ከመሄዳቸው በፊት በስልክ ማየት ይልመዱ ነው ያልኩት። ያልለመደ ዓይን ሙዚየም ቢገባም አያይም።


ቤተ ሙከራ (ደሴ)፦

ሙያዬ የጤና ላቦራቶሪ ነው። ከሥዕል ጋር ያገናኘኝ ጆቫኒ ሞሬሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1816 እስከ 1891 የኖረ፣ ሕክምና የተማረ ኢጣሊያዊ። ፊርማ የሌለውን ሥዕል ማን እንደሣለው ለማወቅ ፊትን ወይም አጠቃላይ አቀማመጡን አትመልከቱ አለ፤ እነዚህን ደቀ መዝሙርም ሊገለብጣቸው ይችላል። የጆሮውን ጫፍ፣ የጣት ጥፍሩን ተመልከቱ። ሠዓሊው እዚያ ሲደርስ ሳያስብ እጁ የለመደውን ይሠራል። በዚህ ዘዴ የብዙ ሥዕሎችን ባለቤትነት አስለውጧል።

ለእኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የጥንት ሠዓልያኖቻችን ስማቸውን ብዙ አይጽፉም። ከጥቂቶቹ አንዱ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ባለው ጊዜ የነበረው ፍሬ ጽዮን ነው። ስሙ የሚገኘው ጣና ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ ባለች ሥዕል ነው። ከዚያች ተነሥተው ነው ተመራማሪዎች ስም የሌላቸውን ሌሎች ሥዕሎች ለእርሱ ወይም ለእርሱ ወገን የሰጡት፤ የእጥፋቱን አጣጣል፣ የእጁን አሣሣል፣ የፊቱን መስመር እያነጻጸሩ። አንድ ስም፣ ከዚያ በኋላ ጣትና እጥፋት ብቻ! እኔ ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ ትንሽ ነገር ፈልጌ ትልቅ ነገር የምናገር ሰው ስለሆንኩ ይህ ሥራ ልቤን ይነካዋል። መምህር፣ ልጆቹ የአንዲት ማርያምን እጅ ብቻ ቀድተው ይምጡ፤ ከዚያ የሌላዋን። ልዩነቱን ራሳቸው ይናገራሉ።


ሐይቅ ዳር (ደሴ)፦

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ደስ ብሎኝ አነበብኩት። በወጣትነቴ በድቁና አገልግያለሁ፤ ስለዚህ አንድ ነገር እንድናገር ፍቀዱልኝ። የምታነሷቸው ብዙዎቹ ሥዕሎች ሙዚየም ከመግባታቸው በፊት የሚጸለይባቸው ነበሩ፤ ዛሬም እንደ እነርሱ ያሉት ይጸለይባቸዋል። ተማሪ ታሪኩን ሳያውቅ የጤፍ ጠጠር እንደሚለቅም ሰው ጥፍርና ጆሮ ሲለቅም ቢውል ምን ያተርፋል? ታሪኩ ይቅደም እላለሁ።

ትንሹን ነገር ግን አልጠላም። የፈረሰኛ ቅዱሳንን ሥዕል ስታዩ እግራቸውን እዩ። ሠዓልያኖቻችን ባዶ እግራቸውን አድርገው፣ እርካቡን በአውራ ጣታቸው ይዘው ይሥሏቸዋል። የእኛ ፈረሰኛ የሚጋልበው እንደዚያ ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሌላ አገር የመጣ ቅዱስ ነው፤ በአውራ ጣቱ ግን የእኛ ሰው ሆኗል። ብሩታዊትንም ዛፍ ላይ ፈልጓት።

ደግሞም ወደ ታች ተመልከቱ። በእመቤታችን እግር ሥር ሰው ተደፍቶ ካያችሁ ሥዕሉን ያሠራው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከጎኑ ስሙና ልመናው ይጻፋል። ጣና ላይ በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ራሳቸው እንዲህ ተደፍተው ተሥለዋል። ንግሥት ናቸው፤ በሥዕሉ ውስጥ የመረጡት ቦታ ግን ከሁሉ በታች ነው። ጎብኚው ፊት ለፊት ያለውን ብቻ አይቶ ሲያልፍ ይህን ትሕትና ሳያየው ይቀራል።


ሸዋ በር (ደሴ)፦

አባባ፣ እድሜ ይስጥልን። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ እነዚህን ታሪኮች በልጅነቴ አልሰማኋቸውም። ብሩታዊት ማን ናት? ለምን ዛፍ ላይ ወጣች?


ሐይቅ ዳር (ደሴ)፦

እድሜሽ ይርዘም ልጄ። ለዘንዶ ልትሰጥ የቀረበች የቤይሩት ልጅ ናት፤ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ገድሎ አዳናት። የሌላ አገር ሠዓልያን መሬት ላይ አቁመው ወይም አንበርክከው ነው የሚሥሏት። የእኛዎቹ ዛፍ ላይ አወጧት። ከዚያ ሆና ሁሉን ታያለች።


ሸዋ በር (ደሴ)፦

አመሰግናለሁ አባባ። እንግዲህ እኔ የምጨምረው ይህ ነው። ታሪኩን ባላውቅም በአንድ ሆቴል የተሰቀለ የጊዮርጊስ ሥዕል ላይ ያችን ልጅ አይቻት ነበር፤ ከዘንዶው ይልቅ እርሷ ማን ናት የሚለው ሲያሳስበኝ ኖሯል። ጥያቄውን ይዤ ስለቆየሁ ዛሬ የነገሩኝን አልረሳውም። ስለዚህ መምህር፣ መጀመሪያ ይዩ፣ ከዚያ ይጠይቁ፣ ታሪኩ በመጨረሻ ይምጣ።


ጦሳ ሥር (ደሴ)፦

አባታችን፣ በአክብሮት ነው የምናገረው፤ ከልጃችን ከሸዋ በር ጋር ነኝ። ታሪኩን አስቀድሜ ስነግራቸው ልጆቹ ሥዕሉን የነገርኳቸውን ለማረጋገጥ ብቻ ያዩታል፤ ካረጋገጡ በኋላ ዓይናቸው ይዘጋል። ሳያውቁ ሲያዩ ግን «ይህ ሰው ለምን መሬት ላይ ተደፋ?» ብለው ይጠይቃሉ። ያን ጊዜ የምንትዋብ ታሪክ የሚያርፍበት ቦታ አለው። ይሁን እንጂ ሥዕሎቹ የሚጸለይባቸው መሆናቸውን ከመግባታቸው በፊት እነግራቸዋለሁ፤ ይህ ታሪክ ሳይሆን ሥነ ሥርዓት ነው፤ በዚህ ላይ እርስዎ ትክክል ነዎት።


የአዝዋ ገደል (ደሴ)፦

ስለ አንድ ዓይንና ሁለት ዓይን የተጻፈውን በተመለከተ፦ ሥርዓቱ እውነት ነው፤ ግን ለልጆቹ እንደ ማይሻር ሕግ አትስጧቸው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ለገበያ በሣሉት ሠዓልያን ዘንድ እየላላ ሄዷል። ሥርዓቱ የተጣሰበትን ሰው ፈልጎ ማግኘት ራሱ ጥሩ ሥራ ነው። በተጨማሪም በአንዳንዶቹ ሥዕሎች ከመኳንንቱ አጠገብ ስማቸው ተጽፏል። የወሎን ፈረሰኛ ይዘው የዘመቱት ራስ ሚካኤል ናቸው፤ አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩልን። ልጆቹ ስማቸውን ይፈልጉ።

ከሠዓሊው ከገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከልም አትለፉ፤ እዚያው ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። ታሪክ የማይናገር ሥዕል ላይ ትንሽ ነገር መፈለግ ከባድ ነው የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1963 የሣለውን «ጎልጎታ» ያግኙና ስንት ዓይነት ቀይ እንዳለበት ይጻፉ።


መቅደላ (ደሴ)፦

እስካሁን የተነሣው ሁሉ ትንሽ ነገር ማየት እንደሚያስደስት ነው። ለእኛ ለወሎዎች ግን ከደስታም በላይ ነው።

የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው የደሴው ሙዚየማችን በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ተዘርፏል፣ ተጎድቷልም። ከዚያ በፊት ደግሞ መቅደላ አለ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ኵርዓተ ርእሱን ወሰደ፤ ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይሄዱ የነበረውን፣ የእሾህ አክሊል የደፋ የክርስቶስ ሥዕል። ዐፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1872 ሥዕሉና አንድ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። መጽሐፉ ተመለሰ፤ ሥዕሉ አልተገኘም ተባለ። ሥዕሉ ግን በሆምስ እጅ ነበር፤ ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሸጠ።

የተሰረቀ ሥዕል ተገኝቶ «የእኛ ነው» ሲባል የሚጠየቀው ማስረጃ ምንድን ነው? «የማርያም ሥዕል ነበረን» ማለት አይበቃም፤ የማርያም ሥዕል ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውና ፖሊስም ሙዚየሞችም የሚጠቀሙበት ኦብጀክት አይዲ የሚባለው የቅርስ መመዝገቢያ መለኪያ ፎቶግራፍ፣ ልክ፣ የተሠራበትን ነገርና በላዩ ያለውን ጽሑፍ ይጠይቃል፤ ከዚያም መለያ ምልክቱን ይጠይቃል። በግራ ጥግ ያለች ስንጥቅ፣ የሻማ ጢስ ያጠቆረው ቦታ፣ ትል የበላው የእንጨት ጠርዝ፣ የተጠገነ ጣት። ሁለት ሥዕሎች በሁሉም ነገር ሊመሳሰሉ ይችላሉ፣ በጉዳታቸው ግን አይመሳሰሉም። መምህር፣ ልጆቹን ውበቱን ብቻ ሳይሆን ጉዳቱንም እንዲያዩ አስተምሩልን። ጀርባውንም፣ ከተፈቀደላቸው።


ሰኞ ገበያ (ደሴ)፦

መቅደላ ያልከው ልብ ይነካል። አንድ ስጋት ግን አለኝ። ልጆች የየአጥቢያቸውን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል እየመዘገቡ በኢንተርኔት ላይ ቢለጥፉት ሌባው አድራሻውን አገኘ ማለት ነው።


መቅደላ (ደሴ)፦

ትክክል ነህ። መዝገቡ ለሕዝብ አይለጠፍም። በካህናቱና በባህል ቢሮው ፈቃድ ይሠራል፣ ቅጂው በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጣል፤ አንዱ ቢቃጠል ወይም ቢዘረፍ ሌላው እንዲኖር። ልጆቹ ሙዚየም ውስጥ የሚማሩት ማየቱንና መጻፉን ነው፤ አጥቢያቸው ላይ የሚሠራው በታላላቆች ፊት ይሁን።


ሐይቅ ዳር (ደሴ)፦

ይህስ መልካም ሥራ ነው። ጥፍርና ጆሮ መቁጠር ለዚህ ከሆነ እኔም እቆጥራለሁ። መምህር፣ ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት ሐይቅ እስጢፋኖስን ይሳለሙ፤ ቅርብ ነው።


ጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዲህ አድርጌዋለሁ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሥዕል ብቻ ይመርጣል፤ ከፊቱም ግማሽ ሰዓት ይቆያል። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ጽሑፉን አያነብም፣ ስልክ አያወጣም፤ በእርሳስ ይነድፋል፣ ያየውን ጉዳትም ይጽፋል። እስክሪብቶ አይፈቀድም፤ ቀለም ቢፈስ የማይመለስ ነገር ሊደርስ ይችላል። ፎቶግራፍ በሚፈቀድበት ቦታም ፍላሽ አጥፍተው ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄያቸውን ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ።

ድርና ማግ፣ አንድ ልመና አለኝ። ከጉዞው በፊት ደሴ መጥተው በእጅ የተፈተለውንና የፋብሪካውን ጨርቅ ለልጆቹ ቢያሳዩልኝ? እኔ የክሩን ነገር በቃል እንጂ በእጄ አላውቀውም።


ድርና ማግ (ኮምቦልቻ)፦

በደስታ መምህር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመቸኛል። ከሁለቱም ጨርቅ ቁርጥራጭ አመጣለሁ፤ እርስዎ አጉሊ መነጽርና ትንሽ ቀለም ያዘጋጁ። ልጆቹ በሁለቱም ላይ አንድ መስመር ይሣሉበትና ቀለሙ በየትኛው ላይ እንደሚሰርግ፣ በየትኛው ላይ እንደሚቆም ራሳቸው ይዩት።